ልጅን ለሚኮረኩር ዘመድ የተጻፈ መምሪያ

መስቀል ሲቃረብ፣ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በየሠፈሩ በሽመናና በንግድ ተሰማርቶ የሚኖረው የጋሞ ተወላጅ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ቋጥሮ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ሲጎርፍ፣ በየቤቱ ደጃፍ ከሚታየው የደስታ ትርኢት አንዱ፣ ከሩቅ የመጣው አጎት የቤቱን ትንሽ ልጅ ብድግ አድርጎ ጉንጯን ከሳመ በኋላ ጣቶቹን ወደ ብብቷ መስደዱ ነው። ልጅቱ ትስቃለች፤ የተሰበሰበውም ሰው በእርሷ ሳቅ ይስቃል፤ አጎትየውም የዓመቱን ናፍቆት በጣቶቹ የተወጣ ይመስለዋል። ይህን መምሪያ ለመጻፍ የተነሣሁት ከእኔ የተሻለ ሊቅ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ያ አጎት እኔ ራሴ ስለ ነበርሁና የሠራሁትን ስሕተት ለማወቅ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ፈጀብኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በአርባ ምንጭ፣ በሴቻ፣ ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ በሚያይ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው። የእኅቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነበር። ኮረኮርኋት፤ ሳቀች፤ ሳቋም እየበረታ ሄዶ በመጨረሻ ድምፅ የሌለው፣ አፍ ብቻ የተከፈተበት፣ ዕንባም የሚወርድበት ሳቅ ሆነ። ሲበቃኝ ለቀቅኋት። «ሲበቃኝ» ያልሁትን ቃል አንባቢዬ ልብ ይበሉልኝ፤ የጥፋቱ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ እናቴ ቆሎ እንድታዞር ላከቻት። ልጅቱም ሳሕኑን በቀኝ እጇ ይዛ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ስታልፍ ግራ ክንዷ እንደ ማንኛውም ልጅ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ግን ሁለቱም ክርኖቿ ከጎድኖቿ ላይ ተለጠፉ፤ ሳሕኑንም ክንዷን ሳትዘረጋ ከእጅ አንጓዋ ብቻ ገፋ አድርጋ ስላቀረበችልኝ ከቆሎው ግማሹ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ይህን አይታ፣ «አንተ ልጅ፣ ፈርታሃለች እኮ» አለችኝ። «ስትስቅ አልነበር እንዴ?» ብዬ መለስሁ። እናቴም ስኒዋን እያለቀለቀች ዝም አለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት የሚፈጸም ነው፤ እርሱም መኮርኮር በሰው ሥጋና በሰው ልቡና ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ስታንሊ ሆልና አርተር አሊን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ነገሩን በሁለት ከፍለው ለየራሱ ስም አወጡለት፤ አንደኛው ዝንብ በአንገት ላይ ስትሄድ ወይም የሣር ጫፍ ባትን ሲነካ የሚሰማን፣ የሚያሳክክ እንጂ የማያስቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ጣት በብብት፣ በጎድን ወይም በውስጥ እግር ላይ ጠንከር ብሎ ሲመላለስ የሚመጣው፣ ሰውን በሳቅ የሚያንፈራፍረው ነው። የመጀመሪያውን ማንም በገዛ ራሱ ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን አይችልም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ከጥንታውያን ግሪኮች ዘመን ጀምሮ ሲጠየቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በለንደን ሣራ ጄይን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ የሰውን አንጎል በመሣሪያ እየተመለከቱ ባደረጉት ምርመራ፣ ሰው የራሱን እጅ ሲያንቀሳቅስ ከራስ ቅል በስተኋላ ያለው ንኡስ አንጎል እጁ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ስለሚያስታውቅ ሥጋው እንደማይደነግጥ አስረዱ። እንግዲህ መኮርኮር ኃይሉን ሁሉ የሚያገኘው ከሌላ ሰው እጅ፣ ያውም ወዴት እንደሚሄድ ካልታወቀ እጅ ነው ማለት ነው፤ የሚኮረኮር ሰው የሥጋውን በር ወለል አድርጎ ለሌላው የተወ ነው፤ ስለዚህም በሩን የከፈተው እርሱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ሰብሮ ገባ የሚለው ጥያቄ በጨዋታ መካከል እንኳ የሚታለፍ አይደለም።

ሳቁ ደግሞ እንዳያታልልዎ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት መግለጫዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሕፃንን የማያውቀው ሰው ቢኮረኩረው ከመሳቅ ይልቅ በፍርሃት እንደሚጮህ አመልክቷል፤ ጣቱ ያው ጣት፣ ብብቱም ያው ብብት ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የሚያመጣው በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ነው። በካሊፎርኒያ የምትመራመረው ክሪስቲን ሃሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት በቀልድ የሚስቁ፣ የሚኮረኮሩና ሕመም የሚሰማቸውን ሰዎች ፊት ስታነጻጽር፣ የሚኮረኮር ሰው ፊት ፈገግታውንም የሕመም መኮማተሩንም በአንድነት እንደሚያሳይ አገኘች። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በበርሊን ኢሺያማና ብሬክት በአይጦች ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። አይጦቹ በጣት ሲኮረኮሩ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን የደስታ ድምፅ ያሰማሉ፤ እጁም ሲርቅ ተከትለውት ይሮጣሉ፤ እነዚያኑ አይጦች ግን ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በጠራራ ብርሃን አስቀምጠው ካስፈሯቸው በኋላ ሲኮረኩሯቸው ድምፁ እጅግ ይቀንሳል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያችን የቆሎ ሳሕን አስታወስሁ። አይጧ ስትፈቅድ እጁን ትከተላለች፤ የእኅቴ ልጅ ከእጄ ሸሸች፤ እኔ ግን የተመለከትሁት ከንፈሯን ብቻ ነበር።

ይህን ካወቁ በኋላ የሚከተለው መጠየቅ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል፤ በዚያም ዕለት 38 ዓመት በደዌ የማቀቀው ሰው ታሪክ ይታሰባል። ፈዋሹ የሕመምተኛውን ልብ አስቀድሞ የሚያውቅ ሲሆን፣ ከመፈወሱ በፊት መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሊቃውንቱ ስለዚህ ጥያቄ ብዙ ያመሰጥራሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጉባኤ ደጃፍ ቆሜ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤናን የሚያህል በጎ ነገር እንኳ ለሰው ሥጋ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልተሰጠም። አንድ የብብት ሳቅ ከዚህ በምን ይበልጣል?

አጠያየቁም እንዲህ ነው። ከልጁ ቁመት ጋር እስኪተካከሉ ድረስ ዝቅ ይበሉ፤ በርጩማ ካለ በርጩማው ላይ ይቀመጡ። ሁለቱንም እጆችዎን ልጁ በሚያያቸው ስፍራ ያድርጉ፤ ከኋላው አይምጡ፤ በተኛ ልጅ ላይም ጣትዎን አያሳርፉ። «ልኮርኩርሽ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። የጥያቄው ፍሬ በዝምታው ውስጥ ነው፤ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ እጁን የሚሰድ ሰው አስጠነቀቀ እንጂ አልጠየቀም። ልጁ አንገቱን ዘርግቶ ወይም እግሩን አቅርቦ «እዚህ ጋ!» ቢልዎ እንደ ተፈቀደልዎ ይቍጠሩት፤ ስፍራውንም ራሱ ስለ መረጠልዎ ከዚያ አይለፉ። ወደ እናቱ ቢያይ፣ ቢያቅማማ፣ ወይም «እ...» ብሎ ቢተው ግን አልተፈቀደልዎም። አፍ ያልፈታ ሕፃን ደግሞ በሥጋው ይናገራል፤ ሲወድ ፊቱን ወደ እርስዎ ይመልሳል፤ ሲጠላ ፊቱን ያዞራል፤ ጀርባውን እንደ ቀስት ይለጥጣል፤ ጡጫውን ይጨብጣል። ልብስ የሚሸፍነውን ሀፍረተ ሥጋና በዙሪያው ያለውን ሁሉ፣ ወላጅ ሲያጥብ ወይም ሐኪም ሲመረምር ካልሆነ በቀር፣ በጨዋታ ስም መንካት በምንም መንገድ አይገባም፤ ይህ ለማብራራት እንኳ ቃል የማያሻው ነው።

ሲጀምሩም ልጁን አይያዙት። ብዙ ሰው ልጁን ወለል ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱን ክንዶቹን በአንድ እጁ ጠፍሮ፣ በሌላው ይኮረኩረዋል፤ የእኔም ጥፋት ከዚህ የራቀ አልነበረም። መሸሽ የሚችል ልጅ ሳይሸሽ ቢቀር መውደዱን ያሳያል፤ መሸሽ የማይችለው ግን ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ የሚይዝ እጅ የገዛ ራሱን ማስረጃ ያጠፋል። ከዚያም በልብዎ እስከ አምስት ብቻ ይቍጠሩና፣ ልጁ ምንም ሳይልዎ፣ እጆችዎን ከፍ አድርገው ያሳዩትና ይጠብቁ። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገር ይታያል። እጅዎን ጎትቶ ወደ አንገቱ የሚመልስ ልጅ አለ፤ ይህ ከአይጧ ጋር አንድ ነው፤ ይቀጥሉ። ትንፋሹን እየሰበሰበ ቀሚሱን ወይም ሸሚዙን የሚያስተካክል አለ፤ ልብሱን የሚያስተካክል ልጅ ጨዋታውን ጨርሷል፤ እርስዎም ይጨርሱ። እየሳቀ ጥቂት ፈቀቅ የሚል አለ፤ እርሱ ገና እያሰበ ነውና አይከተሉት፤ ከወደደ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ የማቆሚያውን ምልክት እንመልከት፤ በዚህ ነገር የጋሞ አገር ከማንም የሚበደረው የለም። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቡራዩና በአካባቢው፣ ብዙ የጋሞ ተወላጆች የተገደሉበትና ከቤታቸው የተፈናቀሉበት መከራ በሆነ ጊዜ፣ ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ኀዘንና ቍጣ ያቃጠላቸው ወጣቶች ለብቀላ ወደ አደባባይ ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ብዙ ነበሩ፤ ብርቱዎችም ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ ግን በእጃቸው ከሣር በቀር ምንም አልነበራቸውም፤ ወጣቶቹም ሣሩን አልፈው አልሄዱም። ሥዕሉ በአገሩ ሁሉ ተሰራጭቶ ያየው ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ይሁን እንጂ ከተደነቀው ብዙ ሰው፣ ሣሩ ስለ ምን እንዲህ ያለ ኃይል እንዳገኘ የመረመረ ጥቂት ይመስለኛል። ሣርን ሕፃን ይበጥሰዋል። ያን ቀን የገነፈለውን ጕልበት የገታው፣ ሣር ይዞ በተንበረከከ ሽማግሌ ፊት ሰው እንደሚቆም እያንዳንዱ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ያወቀውና፣ ቍጣ ሳይመጣ በሰላሙ ጊዜ ያደረበት ሥርዐት ነው።

አንዳንድ ሰው፣ «የአገር መከራ ያቆመውን ሣር ለልጅ ጨዋታ ታመጣዋለህን?» ብሎ ሊታዘበኝ ይችላል። አዎን፣ አመጣዋለሁ፤ በአደባባይ የቆመው ወጣት መቆምን በአደባባይ አልተማረምና። ስለዚህ በቤትዎ ውስጥ፣ ማንም በማይስቅበትና ማንም በማይቈጣበት ሰዓት፣ ከልጆችዎ ጋር ተቀምጠው አንድ ምልክት ይቍረጡ። ቃል ብቻ አይበቃም፤ ሳቅ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር የሚኮረኮር ልጅ «በቃ» የምትለውን አጭር ቃል እንኳ አሟልቶ ለማውጣት ይቸገራል። እኔ የማውቀው አንድ ቤተሰብ መዳፍን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መምታትን መርጧል፤ ሌላ የወደዱትን ይምረጡ። ከዚያም ምልክቱን ያለማምዱት፤ አለማመዱም በተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል፤ ልጁ እርስዎን ይኮርኩር፣ እርስዎም መሬቱን ይምቱ፣ ልጁም እጁን ያንሣ። አባቱ ወይም አያቱ መሬት ሲመቱ እጁን ወዲያው ማንሣት የለመደ ልጅ ምልክቱ ለደካማው ብቻ የተሰጠ ችሮታ ሳይሆን ሁሉን የሚያስር ሕግ መሆኑን ያለ ስብከት ይረዳዋል። በምልክቱ ላይ ክርክር የለም፤ «አንዴ ብቻ»፣ «ይቺን ብቻ» ማለት ሣሩን እንደ መርገጥ ይቈጠር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚቀጥለው ነው፤ ከምንወደውና ከምንኮራበት ባህላችን ጋር ያጋጨናልና። በእኛ ዘንድ በገበታ ላይ የሚነገር እምቢታ እምቢታ አይደለም። እንግዳው «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ሲል ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፤ እንግዳው ደግሞ ሁለተኛ ይግደረደራል፤ «አፈር ስሆን!» ይባላል፤ ጉርሻው ከአፉ ደጃፍ ይደርሳል፤ በሦስተኛው ይጎርሳል። በመጀመሪያው ግብዣ የጎረሰ እንግዳ ሆዳም ይባላል፣ በመጀመሪያው እምቢታ የተወች ባለቤት ንፉግ ትባላለች። ይህ መግደርደር የተባለው ነገር በእውነቱ ያማረ ጨዋነት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ቅኔውን ስለሚያውቁት ማንም አይጎዳበትም፤ እኔም ከገበታችን እንዲጠፋ አልሻም። ነገር ግን ከመሶቡ አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሁሉ የሚያይ ሕፃን ምን ይማራል? እምቢ የሚለው ቃል የነገር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን፣ ሰውን መውደድም ማለት እምቢታውን ሦስት ጊዜ ማለፍ መሆኑን ይማራል። ይህንኑ ትምህርት ይዞ ታናሽ እኅቱን ሲኮረኩር፣ እርሷም «ተው!» ስትለው፣ በልቡ «በሞቴ» እያለ ይቀጥላል።

ስለዚህ ለልጆችዎ ልዩነቱን በግልጽ ይንገሯቸው፤ በእንጀራ ላይ መግደርደር አለ፤ በሥጋ ላይ መግደርደር የለም። በገበታ ሦስተኛው ቃል ይጸናል፤ በሰው አካል ላይ የመጀመሪያው ቃል ይጸናል። ይህ ነገር ከልጅ ብብት ተነሥቶ ወዴት እንደሚደርስ የሚጠራጠር ቢኖር የአገራችንን የጠለፋ ታሪክ ያስታውስ። ጠላፊው የልጅቱን ጩኸት መግደርደር ነው እያለ ራሱን ሲያጽናና፣ ዘመዶቹም አብረውት ሲያጽናኑት ኖረዋል፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከክስ የሚድንበትን በር ትቶለት ነበር። በሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ ባለው ግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ ስንት ልጃገረድ በዚያ በር እንደ ገባች ማን ይቈጥረዋል?

ለአዋቂዎች የምለው አጭር ነው። በባልና በሚስት፣ በጓደኛና በጓደኛ፣ በመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም መካከል ሕጉ ያው ነው፤ እንዲያውም አዋቂ ሰው ይሉኝታ ስለሚይዘው ከልጅ ይልቅ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ከዝምታው ፈቃድ አይዋሱ። «ለቀልድ ነው» የሚለውን ቃል ከተነካው ሰው አፍ ሲሰሙት ቀልድ ነው፤ ከነካው ሰው አፍ ሲሰሙት ግን ብዙውን ጊዜ ማመካኛ ነው።

አሁን ደግሞ እርስዎ ወላጅ ቢሆኑና ሌላ ሰው፣ ያውም የሚያከብሩት ሰው፣ ልጅዎን ሲኮረኩር ቢያዩ ምን ያደርጋሉ? በእንግዳ ፊት አባትን ወይም ታላቅ ወንድምን መገሠጽ ነውር ነው፤ ልጅን ለይሉኝታ መሠዋትም ከዚያ የባሰ ነውር ነው። መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፤ አጠገባቸው ይቅረቡና በለሰለሰ ድምፅ፣ «አባባ፣ ትንሽ ትተንፍስልኝ» ይበሉ። ይህች «ልኝ» የምትለው ጭማሪ ብዙ ታደርጋለች፤ ጥፋቱን ከሽማግሌው ላይ አንሥታ ልመናውን በእርስዎ ላይ ታደርጋለችና። ካልተሰማዎ ልጅቱን ጠርተው፣ «ነይ፣ ውኃ አምጪልኝ» ብለው ይላኳት፤ የተላከ ልጅ የሚይዘው ሰው የለም። ማታ፣ እንግዳ ከተኛ በኋላ፣ ለሽማግሌው ብቻቸውን፣ ልጅቱ እንደምትወዳቸው ነገር ግን መኮርኮር እንደማትወድ ይንገሯቸው፤ አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ከመቈጣት ይልቅ ያፍራል። ለሰላምታም ቢሆን ልጅን «ሳሚ! ሳሚ እንጂ!» እያሉ ወደ ሰው ጉንጭ አይግፉ፤ አገራችን መሳም ለማይሻ ሰው ጨዋ መውጫ ከጥንት ጀምሮ አዘጋጅታለች፤ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት፣ ወይም ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ መጨበጥ ማንንም አያስቀይምም።

ይህን ስናገር፣ «በዘመድና በዘመድ መካከል ወሰን ማስመር የባዕድ ትምህርት ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ለእነርሱ መልስ ከመስጠት ይልቅ ከሴቻ አፋፍ ላይ አቁሜ ቁልቁል ባሳያቸው እመርጣለሁ። በግራ አባያ ደለል ተሸክሞ ቀይ ዳማ መስሎ ተኝቷል፤ በቀኝ የጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ነው፤ በመካከላቸውም ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ የሚከለክለው የምድር ጀርባ ተዘርግቷል። የአገሩ ሰው ይህን የሚለያያቸውን ነገር ግንብ ወይም አጥር አላለውም፤ የእግዜር ድልድይ አለው።

ስለ ሕግ ጥቂት ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ረቂቁን ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2038፣ ሰው አስቦ የሌላውን ሰው አካል ያለ ፈቃዱ ቢነካ ጥፋተኛ እንደሚሆን ይናገራል፤ በእጁም ይንካ በሌላ ነገር ልዩነት የለውም። ቀጥሎ በቍጥር 2039 ከጥፋት ነጻ የሚያደርጉትን ምክንያቶች ሲዘረዝር ከእነርሱ አንዱ፣ የነካው ሰው ተነኪው እንደሚቃወም በማናቸውም ግምት ሊያውቅ ያልቻለ እንደ ሆነ ነው። ይህን ያመለከትሁት አጎቶችን ሁሉ ፍርድ ቤት ለማቆም አይደለም፤ አስተዋይነቱ ስለ ማረከኝ ነው። አንድ ጊዜ «በቃ» ከተባለ በኋላ፣ ወይም መዳፍ መሬት ከመታ በኋላ፣ ያ «አላወቅሁም» የሚባለው መሸሸጊያ ፈረሰ ማለት ነው። ይኸው ሕግ የወላጅን መጠነኛ ቅጣት ከጥፋት አይቈጥረውም ነበር፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ግን ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል፤ የልጅ ሥጋ የልጁ መሆኑ ቀስ በቀስ ወደ ሕጋችን እየገባ እንደ ሆነ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ልጅን ለክፉ የሚሹ ሰዎች ብዙ ጊዜ በጨዋታ ይጀምራሉ፤ ከጨዋታም ሁሉ መኮርኮር ይመቻቸዋል፤ እጅ ወደ ተከለከለ ስፍራ ቢሄድ «አመለጠኝ» ለማለት ያመቻልና። ስለዚህ ልጅዎን፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ይህን ያስጠኑት፤ መኮርኮር ምሥጢር የለውም። «ለእማማ እንዳትነግሪ» የተባለበት ጨዋታ፣ ቢያስቅም ባያስቅም፣ ለእማማ በዚያው ቀን የሚነገር ነው። ልጁ ሲነግርዎ አይጩኹ፤ «ለምን ዝም አልሽ?» አይበሉ፤ ሳቁንም ማስረጃ አድርገው አይቍጠሩበት፤ ሳቁ ከሥጋ የመጣ እንጂ ከፈቃድ የመጣ እንዳልሆነ አስቀድመው አውቀዋልና። ከዚያም ጉዳዩን በዘመድ ሸንጎ ለመሸፈን ሳይሞክሩ ወደ ፖሊስና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው የወረዳው መሥሪያ ቤት ይውሰዱት፤ በልጅ ላይ የሚፈጸም የመዳራት ድርጊት በወንጀል ሕጉ ከባድ ቅጣት አለው፤ እርቅም አይሽረውም።

የመጨረሻው እርምጃ እንደ እኔ አስቀድሞ ላጠፋ ሰው ነው። በጋሞ ወግ ጥፋት የሠራ ሰው ወደ ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት አደባባይ፣ ወጥቶ የሠራውን በራሱ አፍ ይናገራል። ለልጅም የሚገባው ይህ ነው፤ ከረሜላ ሰጥቶ ማስረሳት ጉቦ እንጂ ይቅርታ አይደለም። በሦስተኛው ቀን፣ ከማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የእኅቴን ልጅ ከሩቅ ጠራኋት። ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። «ትንፋሽ እስኪያጥርሽ ኮረኮርሁሽ፤ አጥፍቻለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽልኝ ሁለተኛ አልኮረኩርሽም» አልኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «መቼም?» አለችኝ። «ካልፈቀድሽ መቼም» አልኋት። ምንም ሳትመልስ ሮጣ ሄደች፤ እናቴም ከጓዳ ሆና ሰምታ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ቤተሰቡ ሁሉ ለስንብት ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ አልሁ፤ ጉንጬን ግን አላቀረብሁም። እርሷም ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ዘረጋችልኝ፤ ክርኗም ከጎኗ አራት ጣት ያህል ርቆ ነበር።